የዛጎል ወገን

አራዳ ውስጥ፣ ከአሮጌው ገበያ በታች ባለች ጠባብ የፎቶ ኮፒና የጽሕፈት ሱቅ እሠራለሁ። ሰዎች መታወቂያ ኮፒ ያስደርጋሉ፣ ማመልከቻ ያስጽፋሉ፣ የትምህርት ማስረጃቸውን ላሚኔት ያስደርጋሉ። ትምህርቴን ያቆምኩት አሥረኛ ክፍል ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ የተማርኩት ሰው ኮፒ ሊያስደርግ ካመጣው ወረቀትና ከስልኬ ነው። መጽሐፍ ሲመጣልኝ ማሽኑ አንዱን ገጽ እስኪያወጣ ሌላውን አነባለሁ። በዚህ መንገድ ግማሽ የአዋላጅነት ትምህርትና ሁለት ምዕራፍ የአፈር ሳይንስ ጨርሻለሁ።

ያላጣራሁትን ነገር መጻፍ አልወድም። ደንበኞች በዚህ ይናደዱብኛል። «አንተ ልጅ፣ ጻፍ ያልኩህን ብቻ ጻፍ!» የሚለኝ ሰው በሳምንት አንድ አይጠፋም።

አንድ ቀን ባዮሎጂ የምታስተምር መምህርት የካርድ ጽሑፎች ይዛ መጣች። የቆየች ደንበኛችን ናት፤ ፈተናዎቿን የምተይብላት እኔ ነኝ። ትምህርት ቤቷ አንዲት ክፍል አጽድቶ የባህል ዕቃዎችን ሊያሳይ ነበር፤ ለእያንዳንዱ ዕቃ መግለጫ ካርድ ያስፈልጋል። ሞሰብ፣ ገንቦ፣ የበቅሎ ኮርቻ እያልኩ ስተይብ አንዱ ካርድ ላይ ቆምኩ። «አንቀልባ። ከፍየል ቆዳ የተሠራ የልጅ ማዘያ። በዛጎል ያጌጠ» ይላል።

«ቲቸር፣ ዛጎል ምንድን ነው?» አልኳት።

«ዛጎል ዛጎል ነዋ።»

«ቆዳው የፍየል መሆኑ ተጽፏል። ዛጎሉስ የምን ነው? ድንጋይ ነው? አጥንት ነው?»

ሳቀች። «እሱን እንኳ ልንገርህ፤ ሞለስክ ነው። ባሕር ውስጥ ነው የሚኖር።»

«የትኛው ሞለስክ?»

«አንተ ልጅ አታድርቀኝ! ሠላሳ ካርድ ነው ያለኝ። ካወቅህ አንተው ጨምርበት።»

ይህን ያለችው ቶሎ እንድጨርስላት ነበር። እኔ ግን ፈቃድ አድርጌ ወሰድኩት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ያገኘሁትን ሰው ዛጎል ምንድን ነው እያልኩ መጠየቅ ያዝኩ። በአካባቢያችን ዛጎል አይቶ የማያውቅ ሰው የለም። ምን እንደሆነ ግን ሁሉም የተለያየ ነገር ይናገራል። ቆዳ የሚሸጡ አንድ ሽማግሌ «ፍሬ ነው፤ ሲደርቅ መሐሉ እንዲህ ይሰነጠቃል» አሉኝ። አጠገባቸው ያለው ነጋዴ «ምን ፍሬ ነው የሚሉ አያ፣ የዓሣ መንጋጋ ነው እንጂ፤ ጥርሱን አያዩትም?» ብሎ አፉን በጣቱ አሳያቸው። የሱቃችን ባለቤት ደግሞ አንድ ዛጎል ጠረጴዛ ላይ ጣለና «ስማው፤ ድንጋይ ነው» አለኝ።

ሦስቱም የሚያዩት አንዱን ጎን ብቻ መሆኑ የገባኝ ቆይቶ ነው። ዛጎል ቆዳ ላይ ሲሰፋ ስንጥቁ ወደ ውጭ ይሆናል። ጀርባው ጉብ ያለ ስለሆነ ቆዳው ላይ አይቀመጥም፤ ስለዚህ ድንጋይ ላይ ተፍቆ ይነሣለታል፣ ክሩም በዚያ ቀዳዳ ያልፋል። እኛ የዛጎል ፊት የምንለው ሆዱን ነው። ጀርባውን ያየ ሰው የለም ማለት ይቻላል።

በዚያ ሰሞን ኢንተርኔቱ ይመጣል ይሄዳል። ሲመጣ ገጾቹን በስልኬ አስቀምጥና ሲሄድ አነባቸዋለሁ። ዛጎል የሚሠራው እንስሳ የባሕር ቀንድ አውጣ ነው። ትንሽ ሳለ ቅርፊቱ እንደማንኛውም ቀንድ አውጣ የተጠማዘዘ ነው። ሲያድግ የመጨረሻው ዙር የቀደሙትን ዙሮች ጠቅልሎ ይውጣቸዋል፣ ከንፈሩም ወደ ውስጥ ይታጠፋል። ጥርስ የሚመስለን ያ የታጠፈው ከንፈር ነው። በሕይወት ሳለ ሥጋው ከግራና ከቀኝ ወጥቶ ቅርፊቱን እንደ ጋቢ ይሸፍነዋል፤ ዛጎል ሳይወለወል የሚያበራው ለዚህ ነው። ይህን ያነበብኩ ዕለት የሱቁን በር ዘግቼ እየሄድኩ ሳስበው፣ መንገድ ተሳስቼ ሰፈሬን አልፌ ነበር።

ስሙ ግን አስቸገረኝ። አንድ ተማሪ ትቶት የሄደ የድሮ ኢንሳይክሎፒዲያ ኮፒ ሱቃችን ውስጥ ነበር፤ እሱ «ሲፕሪያ ሞኔታ» ይላል። ስልኬ «ሞኔታሪያ ሞኔታ» ይላል። ሥዕሉ ያው አንድ ነው። አንደኛው ተሳስቷል ብዬ ሁለት ቀን የትኛው እንደሆነ ፈለግሁ።

የተሳሳተ አልነበረም። የእንስሳ ሳይንሳዊ ስም ሁለት ቃል ነው፤ የመጀመሪያው ወገኑን፣ ሁለተኛው ዝርያውን ይናገራል። ቀድመው ስም ያወጡት ሊቃውንት ዛጎል የሚመስለውን ሁሉ፣ ጡጫ የሚያህለውንም ባቄላ የሚያህለውንም፣ አንድ ወገን አድርገው ሲፕሪያ አሉት። ያኔ በእጃቸው የነበረው ባዶው ቅርፊት ነው። ኋላ የመጡት ሥጋውን አዩ፤ ምላሱ ላይ ያሉትን ጥቃቅን ጥርሶች ቆጠሩ፤ ቀጥሎም ዲኤንኤውን መረመሩ። መልካቸው ስለተመሳሰለ ብቻ አንድ ቤት የገቡ ብዙዎች መሆናቸውን ስላዩ ትልቁን ወገን ከፋፈሉት። እኛ አገር የሚደርሱት ትንንሾቹ ዛጎሎች ከጥቂት ዘመዶቻቸው ጋር ተለይተው ሞኔታሪያ ተባሉ። ከእነሱ መሐል ሁለቱ በብዛት ይገኛሉ። ሞኔታ ትከሻው ላይ ጉብታ አለው፣ መልኩ ወደ ቢጫ ያደላል። አኑሉስ ለስላሳና ሞላላ ነው፤ ጀርባው ላይ እንደ ቀለበት የዞረ ብርቱካንማ መስመር አለው፤ የስሙም ትርጉም ቀለበት ነው።

እንግዲህ ዝርያውን ለመለየት ጀርባውን ማየት ያስፈልጋል። የእኛ ሰው ደግሞ ፍቆ የሚጥለው ጀርባውን ነው።

አንቀልባውን ለማየት ትምህርት ቤቱ ድረስ ሄድኩ። አርባ አራት ዛጎል፣ በአራት ረድፍ፣ ሁሉም በሆዳቸው ወደ እኔ ያያሉ። ቆዳው ከብዙ መታዘል የተነሣ ጠቁሮ ለስልሷል። አንገቴን አጣምሜ ከጎን ከጎን ባይም የሚታየኝ የተሰፉበት ጅማት ብቻ ነው።

«አንዷን ፈትተን እንያትና መልሰን እንሰፋታለን» አለች መምህርቷ። እሷም በነገሩ እየተሳበች ነበር።

«የሰው ዕቃ ነው» አልኩ። እጄ ግን ዛጎሉ ላይ ነበር።

አንቀልባው ከከተማችን በሚኒባስ አንድ ሰዓት በምትርቀው በአምባ ጊዮርጊስ የሚኖሩ እናት ንብረት ነው። መምህርቷ የተዋሰችው ከእሳቸው ነው፤ ያዋሷትም ለአጭር ጊዜ ነው። ልጃቸው ሴት ልጅ ወልዳለች፤ ሰማንያ ቀኗ ሲሞላ፣ በሚቀጥለው ሳምንት እሁድ፣ ክርስትና ትነሣለች። ወደ ቤተ ክርስቲያን የምትሄደው በዚህ አንቀልባ ታዝላ ነው። እሳቸው በዚሁ ታዝለዋል፣ ልጆቻቸውን ሁሉ በዚሁ አዝለዋል። «ክር እንዳይጎድልበት» ብለው ነበር የሰጧት።

ስለዚህ አልፈታሁም። ከጎን ሳያቸው ብዙዎቹ ትከሻ ያላቸው መሰለኝ፤ ሁሉንም ሞኔታ አልኳቸው። ካርዱ ላይም እንዲህ ብዬ ጨመርኩ፦ «ዛጎሉ የባሕር ቀንድ አውጣ ቅርፊት ነው። ወገን፦ ሞኔታሪያ። ዝርያ፦ ሞኔታ።» ካርዱን ላሚኔት ሳደርገው በሕይወቴ ከጻፍኩት ሁሉ ትክክለኛው እሱ መሰለኝ።

ክፍሉ የተከፈተው ሐሙስ ነበር። እኔም ተጋብዤ በሩ አጠገብ ቆሜያለሁ። የአንቀልባው ባለቤት ነጭ ነጠላቸውን አጣፍተው ከአንዲት ጎረቤታቸው ጋር መጡ። ጎረቤትየዋ ገና ከደጃፉ ስትገባ «አቤት! የእኛ ቤት ጓዳ እኮ ነው!» ብላ ሰውን ያሳቀች ናት። እማማ ቀጥ ብለው ወደ አንቀልባቸው ሄዱ። ማንበብ ስለማይችሉ መምህርቷ ካርዱን ጮክ ብላ አነበበችላቸው። ቀንድ አውጣ የሚለው ላይ ስትደርስ ድምጿ ትንሽ ቀነሰ፤ ግን አነበበችው።

ከዚያ ጎረቤትየዋ ጀመረች።

«ቀንድ አውጣ? ያ ዝናብ ሲዘንብ ጎመን ላይ ልጋጉን የሚጎትተው?»

«የባሕሩ ነው» አለች መምህርቷ።

«የባሕሩስ ልጋግ የለው? ኧረ ጉድ ነው! አንቺ እኮ ስድስት ልጅ በቀንድ አውጣ አዝለሽ አሳደግሽ። ለዚህ ነው ታላቅየው ሲሄድ የሚንቀረፈፈው!»

ሰው ሳቀ። እማማ አልሳቁም። «ማን ነው ይህን የጻፈው?» አሉ።

እጄን አነሣሁ።

«እውነት ነው?»

«እውነት ነው እማማ። ከፈለጉ በስልኬ ላሳይዎ እችላለሁ።»

ስልኬን አላዩትም። አንቀልባውን ከጠረጴዛው ላይ አነሡ፣ በነጠላቸው ጠቀለሉት፣ ወጡ። ካርዴ ባዶ ጠረጴዛ ላይ ቀረ።

ማክሰኞ ዕለት መምህርቷ ሱቅ መጣች፤ ምንም የሚተየብ ነገር አልያዘችም። ይቅርታ ልትጠይቅ ለእማማ ስልክ ደውላ ነበር። እማማ ዛጎሉን እየፈቱት ነው። ርኩስ ነገር ለብሳ ልጅቱ ደጀ ሰላም አትደርስም ብለዋል። ቆዳው ደግሞ ያረጀ ነው፤ ሁሉም ዛጎል ከተፈታ በጅማቱ ቀዳዳ እየተቀደደ ያልቃል፤ ያን አንቀልባ ማንም አያዝልበትም።

«ሄደህ ቀንድ አውጣ አይደለም በላቸው» አለችኝ።

«ነው እኮ።»

«ስማኝ። ወገናቸው አንድ ነው?»

«የዛጎልና የጎመኑ ቀንድ አውጣ? አይደለም። ወገናቸው ሌላ ሌላ ነው።»

«በቃ! ወገናቸው አንድ አይደለም በል። ውሸት አለበት?»

ውሸት የለበትም። ረቡዕ ጠዋት ከመናኸሪያ ሚኒባስ ተሳፍሬ እስከ አምባ ጊዮርጊስ ድረስ ያችን አንዲት ዓረፍተ ነገር በልቤ እየደጋገምኩ ሄድኩ። እየደጋገምኳት ስሄድ ግን እየከበደችኝ መጣች። የሳይንስ መጽሐፍ ላይ ወገን ማለት ከዝርያ በላይ፣ ከአስተኔ በታች ያለ አንድ እርከን ነው። አስተኔ የሚባለው ብዙ ወገኖች የሚሰበሰቡበት ቤተሰብ ነው። ሰው «ወገኔ ነው» ሲል ግን ሥጋዬ ነው፣ ዘመዴ ነው ማለቱ ነው። እኔ የመጽሐፉን ቃል እናገራለሁ፤ እሳቸው የቤታቸውን ቃል ይሰማሉ። ቃሉ ያው አንድ ነው።

ቤታቸውን ሰው አሳየኝ። ነፋሱ ይቀዘቅዛል፤ እማማ ግድግዳ ተጠግተው ፀሐይ ላይ ተቀምጠዋል፣ አንቀልባው ጉልበታቸው ላይ ነው። ወስፌ በእጃቸው ይዘዋል። አጠገባቸው ባለ ሳህን ውስጥ የተፈቱ ዛጎሎች አሉ። ሳልሰላም ቆጠርኳቸው፤ አሥራ አንድ ናቸው። የመጀመሪያው ረድፍ በሙሉ አልቋል።

«መጣህ?» አሉኝ፣ እንደሚጠብቁኝ ሁሉ። «ተቀመጥ። ምን ትሆን፣ እውነት ነው የተናገርከው። የማላውቀውን ነገርከኝ።»

ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩና ይዤው የመጣሁትን ተናገርኩ። «እማማ፣ ዛጎልና ያ የጎመኑ ቀንድ አውጣ ወገናቸው አንድ አይደለም።»

ወስፌው ቆመ። «አይደለም?»

«አይደለም። ሊቃውንቱ ለያይተዋቸዋል።»

«ምነው ታዲያ ያን ቀን እንዲህ አላልክ!» ፊታቸው በራ። «ወገኑ አይደለም! ተመስገን። ዛሬውኑ ለዚያች ምላሰኛ እነግራታለሁ። የጻፈው ልጅ ራሱ ቤቴ ድረስ መጥቶ፣ ዘመዱ አይደለም ብሎ አረጋገጠልኝ እላታለሁ።»

ከሳህኑ አንድ ዛጎል አነሣሁ። ገለበጥኩት። ለሦስት ሳምንት ላየው ስመኝ የነበረው ጀርባ እጄ ላይ ነው። ጉብታው ተፍቆ ሄዷል፣ በቀዳዳው ውስጡ ይታያል። ውስጡ ላይ የመጀመሪያው ጥምዝ፣ እንስሳው ሕፃን ሳለ የሠራው፣ እንደ ጆሮ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ማንም ሰው፣ ምንም ሳያነብ፣ ይህን ካየ ቀንድ አውጣ ይለዋል። ሌላ አነሣሁ። በተፋቀው ቀዳዳ ከንፈር ላይ ቀጭን ብርቱካንማ መስመር ዞሯል። ቀለበት ነው። ሁሉንም አንድ በአንድ ገለበጥኩ፤ አራቱ ቀለበት አላቸው። እዚያች ድንጋይ ላይ ደስ አለኝ፤ ደስ ባለኝም አፈርኩ፤ እነዚህን ያስፈታቸው የእኔ ካርድ ነው።

«እማማ፣ የተናገርኩትን ላስተካክለው» አልኩ።

«ደግሞ ምን አለ?»

«ወገናቸው አንድ አይደለም ያልኩት በመጽሐፍ ቋንቋ ነው። ዘመድ ግን ናቸው። የሩቅ ዘመድ። ዘመድ አይደሉም ብሎኛል ካሉ እኔ እንዲያ አላልኩም።»

ከዚያ ያልጠበቅሁትን ጠየቁኝ።

«በስንት ቤት ነው የሚገናኙት?»

እዚህ አገር ሰው ሊጋባ ሲል ዝምድና በቤት ይቆጠራል፤ እስከ ሰባት ቤት ድረስ ከተገናኙ ጋብቻ የለም። እማማ ይህን ለሰፈሩ ሁሉ የሚቆጥሩ ሰው ናቸው። ሳህኑን ወደ እኔ ገፋ አደረጉት። «ቁጠርልኝ። በየቤቱ አንድ አንድ አስቀምጥ።»

መሬት ላይ አንድ ዛጎል አስቀመጥኩ። «አንደኛው ዝርያ ይባላል።»

«እሱ ራሱ ነው። ቀጥል።»

«ሁለተኛው ወገን።»

«ወንድምና እኅቱ።»

«ሦስተኛው አስተኔ። ዛጎል የሚመስሉት በሙሉ፣ ትልልቆቹም፣ እዚህ ይገባሉ።»

«አክስት አጎቱ። የጎመኑ አልመጣም?»

«አልመጣም። አራተኛው ክፍለ መደብ። እዚህም የለም። አምስተኛው መደብ...» ዛጎሉን ይዤ ቆምኩ። «እዚህ ላይ ይገናኛሉ።»

«በአምስት ቤት!» ጉልበታቸውን መቱ። «አምስት ቤት እኮ ዘመድ ነው! እንኳን ሊርቅ፣ ቢጋቡ ነውር ነው!»

«እማማ፣ የመጽሐፉ ቤት እንደ ሰው ቤት አይደለም። አንዱ ቤት ብቻውን ስንት ሚሊዮን ዓመት...»

«ዝም በል፣ ቁጠር። ሰባት አልሞላም።»

«ስድስተኛው ክፍለ ስፍን። ዛጎል ለበስ ይሏቸዋል። ዕንቁ የምታወጣዋም እዚህ አለች።»

«ዕንቁ? ያ በቅዳሴ የምንሰማው?»

«ከእንስሳ ነው የሚወጣው። የዛጎል የስድስት ቤት ዘመዱ ናት።»

የዕንቁዋን ዛጎል በጣታቸው አስተካክለው አስቀመጧት። «ሰባተኛውስ?»

«ሰባተኛው ስፍን ነው። እዚህ እንስሳ ሁሉ አለ። በጉም፣ ዶሮዋም፣ ያቺም በቅሎ።» ደጅ የታሰረችውን በቅሎ አሳየኋቸው።

ወደ በቅሎዋ ዞረው ቀሩ። ጆሮዋን እያወዛወዘች ገለባ ትበላለች።

«የበቅሎ ሥጋ ይበላል?» አሉ በመጨረሻ።

«አይበላም።»

«ርኩስ ነው። ሥጋውን የበላ የለም። እሁድ ጠዋት ቄሱን ከላይ ካለው ቤታቸው ተሸክማ የምታመጣልኝ ግን እሷ ናት። ከእሷ ወርደው ነው ቤተ መቅደስ የሚገቡት።» ወደ እኔ ዞሩ። «እኔስ ይህን ዛጎል ልበላው ነው እንዴ?»

«አይ፣ እማማ።»

«ልጅ ላዝልበት ነው! ያቺ ምላሰኛ አናድዳኝ እንጂ፣ ይህን ማሰብ ጠፍቶኝ ነው?» በራሳቸው ላይ ተቆጡ፤ ቀጥለው በእኔ ላይ። «አንተም ብትሆን፣ ሰው ፊት ነው እንዲህ ያለ ነገር የሚነገር?»

ካርዱ ላይ ሌላም ስሕተት እንዳለ የነገርኳቸው ያኔ ነው። ሁሉንም አንድ ዝርያ ናቸው ብዬ ጽፌአለሁ፤ እነዚህ አራቱ ግን ሌላ ናቸው አልኩና የቀለበቱን ምልክት አሳየኋቸው። ምልክቱን ለማየት አልደከሙም። ሰባቱንና አራቱን ቀላቀሏቸው፣ ዓይናቸውን ወደ በቅሎዋ አድርገው በጣታቸው ብቻ እየዳበሱ መልሰው ለዩአቸው። አንድም አልሳቱም።

«ትከሻሞቹ የእናቴ ናቸው፤ እናቴ ከእናቷ። ክቦቹን እኔ ነኝ የጨመርኳቸው፣ የእናቴ ሲረግፉ፣ ከማክሰኝት ገበያ ገዝቼ። ክቡ ሸጋ ነው፣ ቆዳ አይቧጭርም። ሁለት ዓይነት መሆኑን ማን ያጣዋል?»

«እኔ አጣሁት» አልኩ።

«ምነው ሳትጠይቀኝ ጻፍክ?»

ድፍን ከተማ ዛጎል ምንድን ነው ብዬ ጠይቄአለሁ፤ ዛጎሉን ያዋሱትን ሰው ለመጠየቅ አንድ ሰዓት የሚወስደውን መንገድ አልሄድኩም።

ወስፌውን ሰጡኝ። «ያስፈታኸኝ አንተ ነህ። ስፋ።»

ጅማቱ በውኃ ተነክሮ ነበር። እሳቸው ቆዳውን ወጥረው ይይዛሉ፣ እኔ በአሮጌው ቀዳዳ አሳልፋለሁ። መጀመሪያ የሰፋሁትን ዛጎል በጥፍራቸው ነቅንቀው ነቀሉት። ሁለተኛ ጊዜም ነቀሉት። «ከቅርንጫፍ ላይ ጨርቅ እያሰርክ ነው እንዴ? አጥብቅ!» አሉኝ። ዝርያ በዝርያ ለይቼ ልደረድራቸው ስል ደግሞ እጄን መቱኝ። እንደ ነበረ ነው የሚሆነው፤ አንድ የእናታቸው፣ ቀጥሎ ክቡ፣ ከዚያ ሁለት የእናታቸው። ቦታውን እያንዳንዱን ያውቁታል። አሥሩን እኔ ሰፋሁ። አሥራ አንደኛው ላይ ቀዳዳው ተቀድዶ ስለተለቀ ከሥሩ ትንሽ ቁራጭ ቆዳ ደርበው እሳቸው ሰፉት። ከአርባ አራቱ ምንም አልጎደለም። ፀሐይዋ ግን ከግድግዳው ላይ ወርዳ ነበር።

ይህ ሁሉ ሆኖ እማማ አላመኑትም። ያረጀ ቆዳ አንዴ ከተነካካ ክብደት ሲያርፍበት ሊተረተር ይችላል፤ ያ ደግሞ እሁድ ልጅቱ ጀርባ ላይ ሳለች መሆን የለበትም። ገብተው በትንሽ ከረጢት ገብስ ይዘው ወጡ።

«ተነሥ፣ ዙር» አሉኝ።

«እኔ?»

«እኔ ካዘልኩት ከኋላ ማን ያይልኛል? ጎንበስ በል።»

ከረጢቱን ጀርባዬ ላይ አስቀመጡ፣ አንቀልባውን አለበሱት፣ ጠፍሩን ደረቴ ላይ አጣብቀው አሰሩ። ገብሱ ከአራስ ልጅ ሦስት እጥፍ ይከብዳል። «እንዲህ ከያዘ እሷን ይይዛል። በል ሂድ።»

በግቢው ዙሪያ መሄድ ጀመርኩ። እማማ ከኋላዬ ጎንበስ ብለው፣ ጆሯቸውን ወደ ቆዳው አስጠግተው ይከተሉኛል። በአጥሩ በኩል የሚያልፉ አንድ ሽማግሌ ቆሙ።

«ምነው አንቺ! ወንድ ማሳዘል ተጀመረ?»

«ይለፉ አያ፣ ሥራ ላይ ነን!»

«ወንድ ነው ሴት የታዘለው?»

«ገብስ ነው!»

«እደግ በለው!» ብለው እየሳቁ ሄዱ። እኔም ሳቅ ሲመጣብኝ ከረጢቱ ተንቀጠቀጠ፤ እማማ «ዋ! ቀጥ በል፣ አልሰማ አለኝ!» ብለው ጮኹብኝ። ቀጥ አልኩ። አንድ ዙር፣ ሁለት ዙር ሄድን። በጀርባዬ በኩል ዛጎሎቹ እርስ በርስ ሲነካኩ ይሰማኛል፤ ከእሱ ሌላ የሚቀደድ ነገር ድምፅ የለም። ሦስተኛው ዙር ላይ «ዝለል» አሉኝ። ዘለልኩ። እጃቸውን በአራቱም ረድፍ ላይ ከዳር እስከ ዳር አሳለፉ፤ የመጀመሪያውን ረድፍ ሁለት ጊዜ።

«ያዘ» አሉ። ጠፍሩን ፈትተው ከረጢቱን ከጀርባዬ ተቀበሉኝ። «በቃ፣ ትታዘል።»